በፌርፋክስ የወረድናቸው ማሳዎች

የአገር ቤት ጎረቤታችን ጋሼ ንጋቱ ወንበር ላይ ተቀምጠው የማሳ ስም አይመጣላቸውም። ልጄ ሄቨን ለመመረቂያ ጽሑፏ የቡልጋ ሰፈራችንን የእርሻ ስሞች ከነታሪካቸው ትሰበስባለች። እዚህ ስደት አገር፣ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ካለ ሬስቶራንት አስቀምጣ ብትጠይቃቸው ሁለቱን ብቻ ነገሯት።

"ከቤት ወጥቼ ወደ ወንዙ ስወርድ ነው ተራ በተራ የሚመጡልኝ" አሉ። "ተነሡ።"

ፈራሁ። እሳቸው ሰማንያ አልፏቸዋል፣ ሄቨን የስድስት ወር እርጉዝ ናት፣ መኪናው ሰው አያይም። ከሁሉ በላይ የፈራሁት ግን የአባቴን ማሳ ነው። ስሙ ለነፍሰ ጡር የሚነገር አይደለም።

ከኦሎምፒክ ጎዳና ጥግ ወደ ታች ጀመርን። ቅመማ ቅመም ሱቁ ጋ፣ የአገር ቤቱን መንገድ የሚወርዱ ይመስል፣ "ይኼ ጓሮ ነው" አሉ። ፓርኪንጉ "ድርጎ" ሆነ፤ ምርቱ ለአገረ ገዢው እንግዶች ቀለብ ይሄድ ነበር። ፀጉር ቤቱ "አጋም በር"። ሄቨን ስልኳን ከፍታ ትቀዳለች። የከሰዓቱ ብርሃን ቢጫ ነበር፤ አስፋልቱ ላይ ጤፍ የሚያስተኛ ነፋስ ያለፈ መሰለኝ። የመኪናው ድምፅ እየራቀ የወንዝ ድምፅ ሆነ።

"ጋሼ፣ እዚህ ምን ትዘራ ነበር?"

አንቱ ሳትላቸው ስትቀር እኔ አፈርኩ፤ እሳቸው ሳቁ።

"ሽምብራ። እሸቱ ግን አይደርሰኝም፤ ሌባ ነበረበት። ዋናዋ ይቺው እናትሽ ናት።"

የእኛ ማሳ ሊደርስ ነው።

"ጋሼ፣ ደከመዎት። ፀሐዩም ይመታዎታል፣ እንመለስ።"

"የሺሃረግ፣ የቡልጋን ፀሐይ ችዬ የዚህን ልፈራ?"

አንድ የተዘጋ ሱቅ ፊት ቆሙና ኮፍያቸውን አወለቁ።

"ይኼ የእናንተ ነው። ሕፃናት ማረፊያ።"

ክርስትና ሳይነሡ የሞቱ ሕፃናት ቤተ ክርስቲያን ግቢ አይቀበሩም ነበርና፣ እዚያ ማሳ ዳር እንደሚያርፉ ነገሯት። "አያትሽ እዚያ ሲደርስ ማረሻውን አንሥቶ በሬዎቹን ይመልሳል። መሬት አባከንክ ቢሉትም አልሰማም።"

የሄቨን እጅ ወደ ሆዷ ሄደ። አሁን ትወድቃለች ብዬ ክንዷን ያዝኩ።

"ማሚ፣ የእኛም አሉበት?"

"ሁለት ወንድሞቼ።"

"ስማቸው ማን ነበር?"

"ክርስትና ሳይነሡ ስም አልነበራቸውም።"

"እንግዲህ የማሳው ስም የእነሱም ነዋ። ልጻፈው?"

ክንዷን ለቀቅኩ።

"ጻፊው" አልኩ።

"ኦኬ። ከዚህ ቀጥሎስ?"

ጋሼ ንጋቱ ራሳቸውን ነቀነቁ። "ከዚህ በታች ማረሻ አይሄድም። የውኃ መንገድ ነው፤ ሴቶቹ ናቸው የሚያውቁት።"

ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ። መብራቱ ቀይ ነበር። አረንጓዴ ሲሆንም ግራ ቀኙን ደጋግሜ አየሁ። ከዚያ የሄቨንን እጅ ይዤ ቀደምኩና የውኃ መንገዱን የመጀመሪያ ስም ተናገርኩ።

"ሰንበሌጥ።"