ካሰች የሞላችው የጋራንቲ ደብተር

ካሰች ክፉ ሰው አልነበረችም፤ ይህን ከሁሉ አስቀድመን እንያዝ። እንዲያውም ሚዛን ተፈሪ ውስጥ እንደሷ ገበሬ የሚወደው ጸሐፊ አልነበረም። ጋሽ ባየ የቡና መፈልፈያ ማሽን በሚሠራበት ወርክሾፕ ደጃፍ ጠረጴዛ አላት። የተሰበረ ዕቃ ተሸክሞ የመጣውን ሰው በቤንችኛ ሰላም ትላለች፣ ውሃ ታጠጣለች፣ ምን እንደተሰበረና እንዴት እንደተሰበረ በደብተር ትጽፋለች። ሥራዋ ይኸው ነው። ያ ደብተር የሰው ቤት ያፈርሳል ብሎ ማን አስቦ!

የጋሽ ባየ ማሽን በእጅ የሚዞር ነው። ቀዩን እሸት ቡና ከላይ ያፈሱበታል፣ አንድ ሰው እጀታውን ያዞራል፣ ፍሬው ከቆዳው ተላቆ ይወርዳል። በጎኑ ዙሩ እንዳይቆራረጥ የሚያግዝ ከባድ ክብ ብረት አለው፤ ሠራተኞቹ ቮላኖ ይሉታል። ጋራንቲው አንድ ዓመት ነው። በሞተር ያዞረ ሰው ግን ጋራንቲ የለውም።

ይሄ ሕግ ብዙዎቹ ደንበኞች በሚመጡበት በቴፒ እንዴት ይሠራል? አገሩ ቆላ ነው። ቡናው ባንድ ጊዜ ይቀላል፣ ተለቅሞ ካደረ ይበላሻል። በእጅ እያዞሩ ስንቱን ሊዘልቁት ነው? ገበሬው የውሃ መሳቢያ ሞተሩን ከወንዝ ዳር ያመጣና ቺንጋ በሚሉት የጎማ ቀበቶ ከቮላኖው ጋር ያገናኘዋል። ሁሉም ያደርገዋል፣ ሁሉም ይደብቀዋል። ቺንጋው እየጎተተ የማሽኑን ዘንግ ይሰብረዋል፤ ከዚያ ጉዞ ወደ ሚዛን።

መጀመሪያ የመጣው ሰውዬ፣ በ1999 ዓ.ም. ነው፣ "በሞተር ነበር" ብሎ አመነ። ጋሽ ባየ ባዶ እጁን መለሰው። ሰውየው ደጃፉ ላይ ተቀምጦ እንደ ልጅ አለቀሰ። የካሰች አንጀት አልቻለም። ከዚያ ወዲያ የሚመጣውን ሁሉ፣ ገና ሰላምታው ሳያልቅ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "ሲጠይቅህ በእጅ ነው በል" ትለዋለች። ደብተሩም ላይ "በእጅ ሲዞር" ብላ ትጽፋለች። አዲስ ዘንግ ይሰጠዋል፣ መርቋት ይሄዳል። ምርቃቱም ይጣፍጣት ነበር፣ ለምን ይዋሻል!

ሁለት ዓመት እንዲህ አለፈ። አንድ ቅዳሜ ጋሽ ባየ ደብተሩን ተቀብሏት ቁጭ አለ። ሠላሳ አንድ ማሽን ተመልሷል። የሃያ ስድስቱ ዘንግ ተሰብሯል፤ ሃያ ስድስቱም "በእጅ ሲዞር" ይላል። ጋሽ ባየ ሰነፍ አይደለም። ስብርባሪውን መሬት ላይ ደርድሮ ሲያገላብጥ ዋለ።

"ካሰች፣ አገኘሁት!" አላት። "የእጅ ዙር ፍጥነት የለውም። ፍጥነት ከሌለ ዘንጉን የሚሰብረው ክብደት ነው። ቮላኖውን እናቀጥነዋለን!" ሠራተኞቹን ሰብስቦም፣ "ማሽናችንን ያሻሻለችው ይቺ ልጅ ናት" ብሎ አስጨበጨበላት።

ከሠራተኞቹ አንዱ፣ ብረት በያጁ፣ አዲሱን ስዕል አየና፣ "በእጅ እስከሆነ ድረስ ጥሩ ነው። በሞተር ቢሆን ኖሮ ግን ይፈነዳ ነበር" አለ። ካሰች በጆሮዋ ሰማችው።

ያን ጊዜ መናገር ነበረባት። ሳይቃጠል በቅጠል ይባል የለ? ግን ብትናገር ሃያ ስድስት አባወራ ውሸታም ሊባል ነው፣ እሷም ከወንበሯ ልትነሳ ነው። "ሰኞ እነግረዋለሁ" አለች። ሰኞ ጋሽ ባየ እያፏጨ ገባ፤ ደስታውን ማበላሸት ከበዳት። "ሐሙስ" አለች። ሐሙስ ዕለት የመጀመሪያው ቀጭን ቮላኖ ቀልጦ ወጣ። ኧረ ለውሸት የሚፈጥን ምላስ ለእውነት ሲሆን ምን ያስረዋል?

በ2002 ዓ.ም. መስከረም አዲሱን ማሽን ሊወስዱ፣ ቀድሞም በካሰች ምክር ዘንግ ያስቀየሩት ታምሩና ሚስቱ አሰጋሽ ከቴፒ መጡ። አሰጋሽ በልጅነቷ ከካሰች ጋር በአንድ ቤተ ክርስቲያን የዘመረች ጓደኛዋ ናት። ማሽኑ አይሱዙ ላይ ሲጫን ካሰች ታምሩን ክንዱን ያዘችው።

"ታምሩ፣ ይቺኛዋ ቀጭን ናት። በሞተር እንዳታዞሯት። የምሬን ነው።"

ታምሩ ጋሽ ባየ የቆመበትን ዞር ብሎ አየና ጠቀሳት። "አይዞሽ፣ በእጅ ነው እንላለን።"

"አይደለም፣ ስማኝ..."

"ገብቶናል እኮ! ያስተማርሽንን አልረሳንም" አለች አሰጋሽ፣ እየሳቀች።

ጋሽ ባየ ሊሰናበታቸው ቀረበ። ካሰች የታምሩን ክንድ ለቀቀች፤ አፏንም ዘጋች። መኪናው ሄደ።

ኅዳር ላይ አሰጋሽ ብቻዋን መጣች። ጥቁር ለብሳለች፣ ጆንያ ተሸክማለች። ጆንያውን ጠረጴዛው ላይ ስትገለብጠው የቮላኖ ስብርባሪ ወረደ። አንዱ ስባሪ ታምሩን ደረቱን መቶት፣ ሐኪም ቤት ሳይደርስ መንገድ ላይ ሞቷል።

ጋሽ ባየ ራሱን ይዞ ተቀመጠ። "እንዴት ሆኖ ነው? በሞተር ነበር እንዴ?"

አሰጋሽ ካሰችን አየቻት። አራት ልጆች አሏት፤ ቡናው ገና ዛፉ ላይ ነው፤ ያለ ማሽን ምን ልትሆን ነው? "በእጅ ነው" አለች። "በእጁ ሲያዞረው ነው።"

"በእጅ?" ጋሽ ባየ ስባሪውን አነሳ፣ አስቀመጠ፣ እንደገና አነሳ። "በእጅ ብረት ይፈነዳል? አሥራ አራት እንዲህ ዓይነት ማሽን ሰው ቤት አለ። ምኑን ነው የማስተካክለው? እስቲ ደብተሩን..."

"በሞተር ነው" አለች ካሰች። ከወንበሯ ተነሥታ ቆማለች። "ሁሉም በሞተር ነው፣ ጋሽ ባየ። የደብተሩ ውሸት ነው። ሰዎቹን በእጅ ነው በሉ ያልኳቸው እኔ ነኝ። አሥራ አራቱንም ዛሬውኑ ያስቁሙልኝ፣ በእግዚአብሔር!"

ጋሽ ባየ አፍጥጦ አያት። ሾፌሩን እየጠራ፣ ስልኩን እየነካካ ወደ ግቢው ሮጠ። ሁለቱ ሴቶች ብቻቸውን ቀሩ።

"ያን ቀን" አለች አሰጋሽ ቀስ ብላ፣ "የምርሽን ነበር?"

"የምሬን ነበር።"

"ታዲያ ለምን አልጮህሽም?"

ካሰች ዓይኗን ደብተሩ ላይ ተከለች። አሰጋሽ ነጠላዋን አስተካክላ፣ ስብርባሪውን እዚያው ትታ፣ ወደ መናኸሪያው ሄደች።