ከድንጋዩ ሥር የተቀበረው ከሰል

የነርሷ ደም ፈልቷል። "ይሄ ልብስ ሰፊ የድንበራችንን ድንጋይ እየገፋ መሬቴን በላው!" ብላ ከማዘጋጃ ቤት ቀያሽ ይዛ መጣች። አባቷ ሊሞት ሲል እንኳ፣ "ከዚያ ሌባ ላይ ዓይንሽን እንዳትነቅዪ" ነበር ያላት።

ቀያሹ አሮጌውን መዝገብ ገለጠ።

"ድንጋዩ ሲተከል ከሥሩ አንድ ባልዲ ከሰል ተቀብሯል ይላል። ከሰል አይበሰብስም፤ ድንጋይ የሚያዛውር ሰው ደግሞ ከሰሉን አያስታውስም።"

ድንጋዩን ፈንቅለው ቆፈሩ። አፈር ብቻ ወጣ።

"አላልኩም? ነቅሎታል!" ነርሷ ጣቷን ሽማግሌው ልብስ ሰፊ ላይ ቀሰረች።

ቀያሹ በመዝገቡ መሠረት ከመንገዱ ጥግ ጀምሮ ሜትሩን ዘረጋ። ሜትሩ ያለቀው ግን በእሷ ግቢ፣ አባቷ በተከለው ጽጌረዳ ሥር ነበር።

"እዚህ ከሰል ከተገኘ የአባቴ ልጅ አይደለሁም!" ብላ አካፋውን ነጥቃ ራሷ ቆፈረች። ገና ሦስት ጊዜ እንደዛቀች አካፋው ከሰል ይዞ ወጣ።

አካፋውን ወርውራ ቀና አለች።

"ሌባ!" ብላ ጮኸች። ዓይኗ ግን ልብስ ሰፊው ላይ አልነበረም፤ በመስኮቱ በኩል፣ ሳሎን ግድግዳ ላይ የተሰቀለው የአባቷ ፎቶ ላይ ነበር።