ጣሪያው ውስጥ የቀሩት

ውይ፣ ያን ቀን ሚስማርን ብታዩት! ሚስማር እውነተኛ ስሙ አይደለም፤ ልጅ ሆኖ ቀጫጫ ስለነበረ ታላቅ እኅቱ እታለም ያወጣችለት ነው። አሁን ቦርጩ ቀበቶውን ውጦት እንኳን ሚስማር እንደተባለ ቀረ! አናጺ ነው። ያንን በቅኝ ግዛት ዘመን የተሠራውን የባቡር ጣቢያ፣ ባቡሩም ሰዉም ትቶት የሌሊት ወፍ የወረሰውን፣ ኮርኒሱን እንዲያድስ ተቀጠረ። ደስ አይልም? እሱና እታለም እኮ ያደጉት እዚያው ግቢ ነው፤ አባታቸው፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ የጣቢያው ኃላፊ ነበሩ።

አለቃው ታዲያ "እነዚህን የሌሊት ወፎች ድራሻቸውን አጥፋልኝ፣ ጠዋት መጥቼ አያለሁ" አለው። ሚስማር ሆደ ቡቡ ነው፤ መርዝ አልረጭም አለ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ መሰላሉ ላይ ቁጭ ብሎ ጠበቀ። እየተግተለተሉ ወጡ፣ ወጡ፣ አለቁ። ያኔ የወጡባትን ቀዳዳ በሳንቃ ጥርቅም! ኩራቱ ለጉድ ነው፤ እታለም ጋ ደውሎ "ነይና እዪ!" አላት።

መጣች። ቲኬት መቁረጫዋ መስኮት ጋ ስትደርስ ግን ቆም አለች። ልጅ ሳለች አባባ በዚያች መስኮት እጃቸውን ሰደድ አድርገው ጸጉሯን ይጎትቱ ነበር፤ ሥራ የበዛባቸው መስለው፣ ፊታቸውን እንኳን ሳያዞሩ! "ማነው?" ስትል "ባቡሩ ነው" ይሏታል። ሁልጊዜ! የዛገውን ብረት ዳሰሰችው።

በዚህ መሃል ከላይ ሲር ሲር የሚል ድምፅ ሰማች።

"ምንድነው እሱ?"

"አይጥ ነዋ፣ እታለም።"

"የምን አይጥ! አንተ፣ ግልገሎቹን ዘጋህባቸው እንዴ?"

"የምን ግልገል?"

"እናቶቹ ምግብ ፍለጋ ሲወጡ እዚያው አንጠልጥለዋቸው ነው የሚሄዱት! አባባ በባትሪ ሲያሳዩን... ለካ አንተ ብርድ ልብስ ውስጥ ነበርክ፣ ፈሪ!"

ሚስማር ክው አለ። ወዲያው የተመለሱት እናቶች ሳንቃውን ይጋጩት ጀመር፤ ጧ! ጧ!

"ንቀለው" አለች።

"ጠዋት አለቃው ሲመጣስ? ጉሮሮዬን አትዝጊ!"

"እሺ ተወው። ቁጭ ብለህ ስማቸው።"

ሰማ። አንዴ እሷን አየ፣ አንዴ ጣሪያውን። ከዚያ እየተነጫነጨ ወጣና ሳንቃውን ነቀለው። አንዷ ጆሮውን በክንፏ ጠረግ አድርጋው ስታልፍ "እማዬ!" ብሎ ከመሰላሉ ዱብ! እታለም በሳቅ መሬት ላይ ተዘረፈጠች፣ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች፤ እንባው ግን የሳቅ ብቻ አልነበረም።

የላይኛው ጫጫታ ቀስ እያለ ጠፋ። ሚስማር አጠገቧ ቁጭ አለ።

"መብረር እስኪችሉ አልዘጋውም። አለቃው ከፈለገ ሌላ አናጺ ይፈልግ።"

"እንዲህ ብለህ ትነግረዋለህ?"

"እነግረዋለሁ። ብቻ አንቺም አብረሽኝ ትቆሚያለሽ።"

"ከኋላህ?"

"ኧረ ከፊቴ!"