ማንጎው ጠምቶታል

እናቴ ማንጎዋን በቀን አስራ አንድ ጊዜ ታጠጣ ነበር። በግምት አይደለም፣ ቆጥሬ ነው። የስፌት መኪናዬ የተቀመጠው ግቢውን በሚያሳየው መስኮት ስር ስለሆነ እጄ ጨርቅ ሲገፋ ዓይኔ እሷ ላይ ነው። አረንጓዴውን የላስቲክ ጆግ ከቧንቧው ትሞላለች፣ በሁለት እጇ ደግፋ እየተንገዳገደች ትሄዳለች፣ ግንዱ ስር ቀስ አድርጋ ታፈሰዋለች። ከዚያ በረንዳው ደረጃ ላይ ቁጭ ብላ ትንፋሿን ትሰበስባለች። ትንፋሿ ሲመለስ የሠራችው ሥራ ይጠፋታል። የግንዱን ስር ታይና «ውይ፣ ማንጎው ጠምቶታል» ብላ ትነሳለች።

ደግሞ ስለ ማንጎ የማታውቅ ሴት እንዳትመስላችሁ። ሠላሳ አንድ ዓመት የሆስፒታል አንሶላ አጥባ ጡረታ ስትወጣ የሥራ ባልደረቦቿ የግድግዳ ሰዓት ሸለሟት። «ከእንግዲህ የማረፍድበት የለኝ፣ ሰዓት ምን ያደርግልኛል» ብላ ሰዓቱን ለወንድሜ ሰጠችውና ለራሷ የተዳቀለ የማንጎ ችግኝ ይዛ መጣች። መጀመሪያ ያበበ ዓመት አበባውን ሁሉ በጣቷ ቀነጠሰችው፤ «ገና ልጅ ነው፣ ልጅ ልጅ አይወልድም» አለች። ደረቅ ቅጠል ዙሪያውን ስታለብሰው ከግንዱ አንድ ስንዝር ታርቀዋለች፣ ከነካው ልጡ ይበሰብሳል። ከሁሉ በላይ የምትጠነቀቀው ግን ውሃ ላይ ነበር። ማበቢያው ሲቃረብ ሁለት ወር ሙሉ ጠብታ አታቀምሰውም። «ማንጎ ካልጠማው አያብብም። የጠገበ ዛፍ ሥራው ቅጠል ማብዛት ብቻ ነው» ትላለች፣ ይህንንም የምትለው ወንድሜን አየት አድርጋ ነው። ፍሬ ሲይዝ እኔ ከቁርጥራጭ ጨርቅ ትንንሽ ከረጢት እየሰፋሁ ለእያንዳንዱ ፍሬ እናለብሰዋለን፣ ወፍና ዝንብ እንዳይደርስበት። ጎረቤቶቻችን «የነሱ ቤት ማንጎም ተለክቶ ይሰፋለታል» እያሉ ይስቁብን ነበር። ሲበስል ግን ሁሉም ሳህን ይዘው ይመጣሉ።

መርሳት የጀመራት በትንንሹ ነው። መጀመሪያ ካውያውን፣ ቀጥሎ የጎረቤቶችን ስም፣ ቀጥሎ የአባቴን መሞት። ከዚያ ተራው የኔ ሆነ። አንድ ቀን ጠዋት ሻይ ሳቀብላት በሁለት እጇ ተቀበለችኝና «እግዜር ይስጥልኝ። ክፍሉ ተመቸሽ?» አለችኝ። ተከራይ አደረገችኝ። ወንድሜ ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ፤ ወደው አይስቁ ይባል የለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤት ውስጥ ስሜ «ሰፊዋ» ሆነ።

ማንጎው ስር ግን ሌላ ነበረች። እዚያ ስትቆም ምን እንደሚበራላት አላውቅም፣ ጆጉን ይዛ «ሚጢጢ፣ ነይ ይሄን ያዥልኝ» ትለኛለች። ሚጢጢ ያለጊዜዬ ስለተወለድኩ ያወጣችልኝ ስም ነው፤ ከእሷ በቀር የሚጠራኝ የለም። ዛሬ አርባ አራት ዓመቴ ነው፣ ሰማንያ ሁለት ኪሎ እመዝናለሁ። ቢሆንም ሚጢጢ ስባል የደንበኛ ቀሚስ ጥዬ፣ መርፌ በከንፈሬ እንደያዝኩ እሮጥ ነበር። በቀን አስራ አንድ ጊዜ ታጠጣለች፣ በቀን አስራ አንድ ጊዜ ልጇ ነኝ። ለምን ብዬ ላስቁማት?

ማንጎው ነው ያስቆመኝ። የቅጠሎቹ ጫፍ ነደደ፣ ቀጥሎ መሀላቸው ቢጫ ሆነ። ግንዱ ሙጫ ያነባ ጀመር። አፈሩ ሳይታጠብ የከረመ የሳህን ጨርቅ ይሸታል። ችግኝ ጣቢያ የሚሠራውን፣ ሰፈሩ «የዛፍ ሐኪም» የሚለውን ቀጭን ሰውዬ ጠራሁት። ብዙ አያወራም። አንድ ዘንግ ግንዱ አጠገብ ሰክቶ ሲነቅለው ጉድጓዱ ውሃ ሞላ።

«ይሄ ማንጎ በሽታ የለበትም» አለ። «እየሰመጠ ነው። ሥሩ መተንፈሻ አጥቷል። በቀን ስንት ጊዜ ነው የምታጠጡት?»

ወደ እናቴ ዞርኩ። ጆጉ በእጇ ነው፣ ይንጠባጠባል።

«ኧረ ዛሬ እንኳ አልደረስኩለትም» አለች።

«እናቴ፣ ሁለት ወር ምንም አያቅምሱት» አላት ጎንበስ ብሎ። «ይድናል። ዕድሜ አለው።»

«እሺ ልጄ፣ ተባረክ» አለችው። እሱ የግቢውን በር ሳይዘጋ ቧንቧውን ከፈተችው።

ወንድሜ ቧንቧ ሠራተኛ ነው። መጥቶ ውሃው የሚሸሽበት ቦይ ቆፈረ፣ የግቢውን ቧንቧ ከቆጣሪው ጋ ዘጋው። እናቴ የታጠበችበትን ውሃ አጠጣችው። የሳህን እጣቢ አጠጣችው። እሱን ስደብቅባት የገዛ ሻይዋን ይዛለት ሄደች፣ ከነስኳሩ። «ጠጥቷል እማዬ» ብላት ጣቷን አፈሩ ውስጥ ትሰድና ታሳየኛለች፤ ላዩ ደርቋል። «ይሄ ነው የጠጣ? ሰው ቢሆን ይሄኔ ይጮህ ነበር» ትላለች፣ እንባዋ ይመጣል።

በመጨረሻ መላ አገኘሁ፣ እንዲያውም ኮራሁበት። ልብስ ስተኩስ የምረጭበትን መርጫ ይዤ በየሰዓቱ እየወጣሁ የአፈሩን ፊት ብቻ አረጥበው ጀመር። መጥታ በጣቷ ትነካና «ጠጥቷል» ብላ ትመለሳለች። በስድስተኛው ቀን ከላይኛው ቅርንጫፍ ላይ ቀይ ለጋ ቅጠል ብቅ አለ። ወንድሜን በስልክ ጠርቼ አሳየሁት። ሁለታችንም አንገታችንን አቅንተን እንደ ጅል ስንስቅ ቆየን።

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይላሉ። የማጠጣት ሥራ ሲቀር እናቴ ወደ ማንጎው የምትሄድበት ጉዳይም ቀረ። ቀኑን ሙሉ አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ግድግዳ ታያለች። ምግብ ሳቀርብላት «ሰፊዋ፣ አትቸገሪ፣ ቤቴ ሄጄ እበላለሁ» ትለኛለች። አንድ ጠዋት የሁለታችንንም አልጋ ገፍፋ አንሶላውን አቅፋ ከውጭ በር ስር አገኘኋት፤ ሥራ ረፍዶባት ነው። መልሼ ካስገባኋት በኋላ ጨርሶ መነሳት ተወች። ልብሷ ሰፋት። ይህን ያየሁት እኔ ነኝ፣ ስንት ሴንቲ እንደጠበበች ሳልለካ የማውቀው ሰፊዋ።

«እማዬ፣ እኔ እኮ ሚጢጢ ነኝ» አልኳት።

ትክ ብላ አየችኝ። «ሚጢጢማ ማንጎው ጋ ናት» አለች።

በዚያው ቅጽበት ወጥቼ ቆጣሪው ጋ ያለውን ቧንቧ ከፈትኩ። ደግፌ አስነሳኋት፣ ጆጉን ሞልቼ አስያዝኳት። እግሯ ግንዱ ስር ሲደርስ «ውይ፣ እንዴት ጠምቶታል» አለች። ቀጥላ «ሚጢጢ፣ ከሳሽ መሰለኝ» አለችኝ። እኔ ነኝ የከሳሁት።

ወንድሜ መጥቶ ቦዩ በውሃ ተሞልቶ ሲያይ ኮቱን እንኳ አላወለቀም።

«ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም» አለኝ። «ወይ እሷን ወይ ማንጎውን።»

«መርጫለሁ ወንድም ጋሼ።»

«እሷን ነው የመረጥሽው ራስሽን?»

እሱን ተከራይ አድርጋው አታውቅም፤ ሁልጊዜም ስሙን ይዛለታለች፣ ቢመጣም ባይመጣም። እኔ አጥቤያት፣ አጉርሻት፣ ጸጉሯን አበጥሬ ተከራይ ነኝ። ይህን ልነግረው ፈልጌ አፌ ላይ ደርሶ ቀረ። ደግሞም እውነቱን ነበር። ሚጢጢ ለመባል ስል ዛፍ እየገደልኩ እንደሆነ አውቅ ነበር።

«ማንጎው ሲሞትስ ምኑን ልታጠጣ ነው?» አለኝ።

«ያኔ ያኔ ነው» አልኩት።

ሁለት ወር ጥሩ ኖርን። እናቴ መብላት ጀመረች፣ ጉንጯ መለስ አለ። ማንጎውም ያለወቅቱ አበበ፤ ቅጠል እስኪጠፋ ድረስ ከጫፍ እስከ ጫፍ አበባ ሆነ። እንዲህ አብቦ አያውቅም። የወንድሜን ክፉ ቃል አፈር አበላሁት ብዬ አርባ ከረጢት ቆርጬ ሰፋሁ፣ ገመዳቸውን ሳይቀር አስገባሁ። የዛፍ ሐኪሙ በመንገድ ሲያልፍ በአጥሩ ላይ አሻግሮ አየና ቆመ።

«አምሮበታል አይደል?» አልኩት።

«ሊሞት ሲል እንዲህ ያብባል» አለኝ። «ዘር ልተው ብሎ ነው።» ይቅርታ የሚጠይቅ መስሎ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ሄደ።

አበባው ጠቆረና ረገፈ፤ አንድም ፍሬ አልያዘ። ቅጠሎቹ ደረቁ፣ ግን አልወደቁም። ቅርንጫፉ ላይ እንደተንጠለጠሉ ነፋስ ሲመጣ ይንኮሻኮሻሉ። እናቴ አፈሩን እንጂ ላዩን አታይምና ማጠጣቷን ቀጠለች፣ እኔም ሚጢጢ መባሌን ቀጠልኩ። ለሞተ ዛፍ ውሃ እናመላልሳለን። እስቲ ይሁን፣ እሷ ካላየችው ምን ቸገረኝ አልኩ።

አንድ ጠዋት ግን ቀና አለች። ጆጉን በሁለት እጇ እንደያዘች አንገቷን አቅንታ ቀረች። ወጥቼ አጠገቧ ቆምኩ።

«ማነው ያደረቀው?» አለችኝ።

እውነቱን ልነግራት እችል ነበር። ውሃ ነው የገደለው እማዬ፣ አንቺ ነሽ፣ በገዛ እጅሽ። ግን ነገ ጠዋት ትረሳውና እንደገና ትጠይቀኛለች፤ በየቀኑ እንደ አዲስ ትሰማዋለች። በየቀኑ ማንጎዋን እንደ አዲስ ትገድለዋለች። የኔን ስህተት ደግሞ ቶሎ ትረሳልኛለች ብዬ አሰብኩ።

«እኔ ነኝ» አልኳት። «ማጠጣት ረሳሁ።»

«እንዴት ይረሳል?» አለች። የምሯን ነበር የጠየቀችው፤ ሰው እንዴት ሊረሳ እንደሚችል አልገባትም። ጆጉን መሬት ላይ አስቀመጠችና ወደ ቤት ገባች።

እስከ ምሳ ትረሳዋለች ብዬ ነበር። የወንድሜን ስም ረሳች። የመጸዳጃ ቤቱን በር ረሳች። ማንኪያ በየትኛው በኩል እንደሚያዝ ረሳች። ይህን ግን አልረሳችውም። ዳግመኛ ወደ ማንጎው አልሄደችም። ወንድሜ መጥቶ በመጋዝ ሲቆርጠው በመስኮት አየችና ምንም ሳትጠይቅ ፊቷን መለሰች።

አሁን ቀኑን የምታሳልፈው ከስፌት መኪናዬ አጠገብ ወንበር ላይ ነው። ደንበኛ ሲመጣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ትመክራለች። «ስፌቷ ጥሩ ነው፣ ምንም አይወጣላትም። ዛፍ ግን እንዳትሰጧት» ትላለች። ደንበኞቼ ይስቃሉ፣ እኔም አብሬ እስቃለሁ። ስገፋው የነበረው ጨርቅ ይጣመምብኛል፣ ፈትቼ እንደገና እሰፋዋለሁ።

ትናንት የትምህርት ቤት ልብስ ጠርዝ ስቀመቅም ወደኔ ጠጋ አለችና እጇን ትከሻዬ ላይ አሳረፈች። ከነካችኝ ወራት አልፎ ነበር።

«አይዞሽ» አለችኝ። «አንቺ ምን ታደርጊ፣ የራስሽ አልነበረ። ሚጢጢ ብትኖር ታጠጣው ነበር።»

«አዎ፣ ታጠጣው ነበር» አልኳት። ክሩን በጥሼ «የት ሄዳ ነው?» ብዬ ጠየቅኋት።

«እኔ እንጃ» አለች። «ስጠራት አትመጣም።»