ያቺ ረጅም «አህ»

«ቀስ በል እንጂ! የለቅሶ ቡና እንደ ሠርግ ሻይ ይገለበጣል?» አለ ከበሮ መቺው ሸውቂ።

የሠርግ ዘፈን ተቀባዩ በዩሚ አልሰማውም፤ ድንኳኑን ያያል። የዘፋኙ የማሕሩስ ለቅሶ ሦስተኛና የመጨረሻ ቀን ነው። የኢምባባ ሰፈር መንገድ ከዳር እስከ ዳር ተዘግቷል። ሼሁ አንድ ክፍል ቁርኣን አንብቦ ባረፈ ቁጥር የተቀመጠው ይወጣል፣ የቆመው ይገባል። «እኔ ብሞት ሸውቂና አንድ መንገድ የሳተ ሰው ይመጡ ነበር» አለ በልቡ። ሰው በቁም ሰው ይቀናል፤ በዩሚ ግን በሬሳም ቀንቶ አረፈው።

«ምን ዓይነት ጉሮሮ ነበር!» አለ ከኋላቸው አንድ ባለሱቅ። «ያቺ ‹በረንዳሽ ሥር› የሚለው ዘፈኑ ላይ ያለችው ረጅም አህ! ማሕሩስ ይዟት መቃብር ወረደ።»

በዩሚ ሲኒውን አስቀመጠ። አህዋ የማሕሩስ አልነበረችማ!

የዛሬ ሠላሳ ዓመት፣ ካሴቱ ሲቀረጽ ማሕሩስን ጉንፋን ደቁሶት ድምፁ እንደ አሮጌ በር ሲጥ ሲጥ ይል ነበር። ከተቀባዮቹ መሀል በዩሚን ጎትተው ማይክ ፊት አቆሙት፤ ያቺን አህ አወጣት። ካሴቱ ካይሮን አጥለቀለቀ። ሽፋኑ ላይ ግን ማሕሩስ ብቻ። በክሊፑም አህዋ ስትመጣ ጀልባ ላይ ቆሞ አፉን የሚከፍተው ማሕሩስ ነው፤ ከበዩሚ የሚታየው አንድ ክርን ነው። እናቱ ነፍሷን ይማርና፣ ዘመድ በመጣ ቁጥር ክሊፑን አስቁማ «ያ ክርን የኔ ልጅ ነው» ትል ነበር።

በየሠርጉም ያው ነበር። ዘፈኑ አህዋ ጋ ሲደርስ ማሕሩስ ዞር ይልና ማይኩን ወደ በዩሚ ይዘረጋል። በዩሚ «ደግሞ አሽከሩ ልሁን? እሱ እንዲጨፍር እኔ ማይክ ልያዝለት?» ብሎ እጁን አጣጥፎ ወደ ሌላ ያያል። ያኔ እድምተኛው ራሱ ይጮሃታል። ጋዜጦች «ሕዝቡን የሚያዘፍን ዘፋኝ» ብለው ጻፉ። በዩሚ በዚያም ቀና።

«ዛሬ ለሚስቱ እነግራታለሁ» አለ አሁን፣ ብድግ ብሎ።

«አብደሃል? በለቅሶ?» አለ ሸውቂ።

«ታዲያ በማን ሠርግ ልንገራት? ነገ ድንኳኑ ሲነሳ ማን ይሰማኛል?»

ሴቶቹ የተቀመጡት ፎቅ ላይ፣ ቤት ውስጥ ነው። የማሕሩስን ሚስት ኢንሻራህን አስጠራት፤ ጥቁሯን እንደለበሰች እስከ ደረጃው ወረደች።

«የአሽረፍ እናት፣ አላህ ያጽናሽ። አንድ ነገር ልንገርሽ... ያቺ አህ...»

«ያንተ ናት። እና?»

በዩሚ የደረጃውን ብረት ያዘ። «ታውቂ ነበር?»

«ቤታችን ውስጥ የማያውቅ ማን አለ? ይልቅ አንተ ንገረኝ። ያ ሁሉ ዓመት ማይኩን ሲያቀብልህ ምን ሆነህ ነው የምትኮራበት?»

«ያዝልኝ የሚለኝ መስሎኝ...»

«ያዝልኝ?» ኢንሻራህ ሳቅ አመለጣት፤ በሻሿ ጫፍ አፈነችው። «አንተ ደረቅ! ዝፈናት ነበር የሚልህ። እኔ መቶ ጊዜ ‹በአፍህ ንገረው› ብዬዋለሁ። ‹ማይክ ለተዘረጋለት ዘፋኝ ደግሞ ምን ንግግር ያስፈልገዋል?› ይለኛል። የካሴቱ ነጋዴ ስምህን ከሽፋኑ ሲያስቀር ዝም በማለቱ ያፍርህ ነበር። አንተ ስትዞርበት ጊዜ እሱም ከነኩራቱ ቀረ።»

በዩሚ ሠላሳ ዓመት የመገበው ቅናት ድንገት ባለቤት አልባ ሆነበት።

«በል ሂድ» አለች፣ ዓይኗን ጠርጋ። «ልጄ አሽረፍ ድንኳኑ በር ላይ ሦስት ቀን ቆሞ እግሩ አብጧል። በሱ ቦታ ግባ።»

ድንኳኑ በር ላይ ተሰልፎ ለቀስተኛ የሚቀበለው የሟች ሥጋ ዘመድ ብቻ ነው። በዩሚ ከማሕሩስ ወንድሞች ቀጥሎ ቆመ። አንድ የማያውቀው ሽማግሌ ቀረበና ጨበጠው።

«የቀረው ዕድሜው ላንተ ይሁን፣ ልጄ። ምኑ ነህ?»

በዩሚ አፉን ከፈተ። ድምፅ አልወጣም። የሽማግሌውን እጅ በሁለት እጁ ጨብጦ፣ ከኋላ ሰልፉ እስኪጠራቀም ድረስ አልለቅ አለ።