አፈር ያልነካው እግር

ዘርትሁን መርጫውን ከፍ አድርጋ የመጨረሻዎቹን ኦርኪዶች ስትረጭ እናቷ ከአልጋዋ ላይ አፏን ከፈተች።

"እኔንም" አለች።

"እማዬ፣ በብርጭቆ ልስጥሽ እንጂ።"

"በብርጭቆ የሚጠጣው ሆድ ነው። የጠማው ገላዬ ነው። ርጪኝ።"

ረጨቻት። እንደ ጉም የደቀቀው ውኃ በእናቷ ፊት፣ በአንገቷ፣ ከአልጋው ቁልቁል በተንጠለጠሉት እግሮቿ ላይ አረፈ። ዘርትሁን ሁለት ሳምንት ሙሉ ላለማየት ስትሸሸው የከረመችውን ነገር ያን ጊዜ ዳግመኛ አየችው። በእናቷ ቁርጭምጭሚት ዙሪያ የተጋደሙት ደም ሥሮች፣ ሲደርቁ እንደ አሮጌ ብር የሚያብረቀርቁት፣ ውኃው ሲደርሳቸው ቀስ እያሉ አረንጓዴ ሆኑ። የኦርኪድ ሥር እንዲህ ያደርጋል፤ ሲጠማው ብርማ፣ ሲጠጣ አረንጓዴ። የሰው እግር እንዲህ እንደሚያደርግ ግን ማንም ነግሯት አያውቅም።

"ጨረስሽ?" አለች እናቷ ዓይኗን እንደጨፈነች።

"ጨረስኩ።"

"ጀርባዬ ቀርቷል።"

የላስቲክ ቤቱ ያለው በደብረ ታቦር ከተማ ዳር፣ በዘርትሁን ጓሮ ነው። ዘርትሁን ቤይሩት ስምንት ዓመት ስትሠራ ያሳደገችው ልጅም፣ የጦረችው ሽማግሌም አልነበረም፤ ሥራዋ የማዳሟን ሃምሳ ሁለት ኦርኪዶች መንከባከብ ነበር። ጓደኞቿ ቴሌቪዥንና ብርድ ልብስ ተሸክመው አገር ሲገቡ እሷ ሦስት ተክሎች በካልሲ ጠቅልላ ገባች። አሁን አርባ ደርሰዋል። ከፊሎቹ በዛፍ ቅርፊትና በከሰል ስብርባሪ ላይ ተቀምጠው፣ ከፊሎቹ በሽቦ ተንጠልጥለው ይኖራሉ። አበባውን የባሕር ዳር የሠርግ አስዋቢዎች ይወስዱላታል። አንድ የግብርና ባለሙያ ሊመዘግባቸው መጥቶ ቅጹ ላይ ቦታ ስላጣላቸው "ሽንኩርትና መሰል" በሚለው ሥር አስገብቷቸዋል፤ በየዓመቱም እየደወለ የሽንኩርቱን ምርት ይጠይቃታል።

እናቷ ፈንታነሽ ሰባ ስድስት ዓመቷ ነው። በሰኔ ከጉና ተዳፋት ወደ ከተማ የወረደችው ሳንባዋ ብርዱን አልችል ብሎ ነበር። ሐኪሙ ሞቅ ያለ፣ እርጥበት ያለው አየር እንደሚያስፈልጋት ሲናገር ዘርትሁን ሳቋ መጣ። በደብረ ታቦር እንዲህ ያለ አየር ያለው ክፍል እሷ የምታውቀው አንድ ብቻ ነው፤ እሱንም አበቦች ይዘውታል። አሸጋሽጋ አልጋ አስገባች። ወለሉ ውኃ ስለሚቋጥር አልጋውን በብሎኬት ላይ ከፍ አደረገችው።

ስህተቱን የሠራችው በሦስተኛው ቀን ነው። እናቷ የተንጠለጠሉትን ስታይ ቆይታ አፈራቸው የታለ ብላ ጠየቀች። ዘርትሁን አፈር ለነዚህ እንደማይስማማ፣ ሥራቸውን እንደሚያበሰብሰው ነገረቻት። እዚያ ላይ ማቆም ነበረባት። ግን እናቷ ከመጣች ጀምሮ ስለ መገነዣዋ፣ ስለምትቀበርበት ደብር፣ ከማን አጠገብ መተኛት እንደማትፈልግ ስታወራ ሰንብታ አንገሽግሿት ስለነበር፣ ለማሳቅ ብላ ጨመረችበት።

"አፈር ካልነካቸው አይሞቱም" አለቻት።

እናቷ አልሳቀችም። እግሮቿን አንድ በአንድ ሰብስባ ወደ አልጋው አወጣች። ከዚያ ቀን ወዲህ አምስት ወር ሙሉ አፈር ረግጣ አታውቅም።

መጀመሪያ ዘርትሁን እንደ እርጅና ጨዋታ ቆጥራው ነበር። መጸዳጃ ቤት ድረስ ሳንቃ አነጠፈች። እናቷ ቤተ ክርስቲያን መሄዱን ስትተው የንስሐ አባቷ መምሬ ማሩ እየመጡ ጸሎት ያደርሱላት ጀመር። አስፈሪው ነገር እናቷ እየዳነች መሄዷ ነበር። ሳሏ ጠፋ። እህል ቀነሰች፣ ቀጥሎም ከነአካቴው ተወች፤ በቀን ሁለት ኩባያ አጥሚትና ሦስት ጊዜ መረጨት በቃት። ጉንጯ ሞላ። ትንፋሿ ድምፅ አልባ ሆነ። አንድ ጠዋት ዘርትሁን መስታወት አፍንጫዋ ሥር ይዛ ነበር፤ መስታወቱ ደመነ፣ ግን በዚያ ክፍል ውስጥ መስታወት ሁልጊዜ ስለሚደምን ምንም አላረጋገጠችም።

አበቦቹም ጠባያቸው ተለወጠ። ኦርኪድ ፊቱን ወደ ብርሃን ያዞራል። እነዚህ ግን የምሥራቁን ብርሃን ትተው ወደ አልጋው ዞሩ። ዘርትሁን መያዣዎቹን አዙራ ታስቀምጣለች፤ በሳምንቱ ያበበው ሁሉ ተመልሶ እናቷን ሲያይ ታገኘዋለች።

መምሬ ማሩ ባለፈው ሳምንት ሲወጡ በሩ ላይ ቆመው መቋሚያቸውን ደጋግመው መሬት ላይ ተከሉ። "ልጄ፣ ሞትን የሚፈራ ሰው ብዙ ተናዝዞልኛል" አሏት። "ሞት የሚፈራውን ሰው ግን ገና አሁን ማየቴ ነው።"

ዛሬ ረፋዱ ላይ ደግሞ የእድሩ ዕቃ ቤት ኃላፊ እትዬ ዘነበች ብቅ አሉ። ከደጃፉ አላለፉም።

"ፈንታነሽ፣ እንዴት ነሽ?"

"እያበብኩ ነው።"

"ተመስገን ነው" አሉ እትዬ ዘነበች፣ ድንኳን ተክሎ ለቀስተኛ እንደቀረበት ሰው ቅር ብሏቸው። ዘርትሁንን በክንዷ ወደ ውጭ ሳቧት። ሰፈሩ ምን እያለ እንደሆነ ነገሯት። ፈንታነሽን የሚያውቋት ሁሉ ድሮ እንዲህ ያለ አንገት አልነበራትም እያሉ ነው። ሰው ከጊዜው ካለፈ እንግዳ ነው፣ እንግዳ ደግሞ ከየት እንደመጣ ይጠየቃል አሏት። ቀጥለው ግራ ቀኙን አይተው፣ ድምፃቸውን ይበልጥ ዝቅ አድርገው፣ ለጉልበታቸው የሚሆን አንድ ፍሬ ተክል ይተርፋት እንደሆን ጠየቋት።

ዘርትሁን ሸኝታቸው ስትመለስ እናቷ ቀጥ ብላ ተቀምጣ ፀጉሯን እያበጠረች አገኘቻት። ከሰኞ ጀምሮ እንዲህ ናት። ሰኞ ጠዋት ቂጣ በቅቤ አምጪ አለች፤ በልታ ደገመች። ማክሰኞ የሠርግ ዘፈን ዘፈነች፤ ቃሉን ዘርትሁን ሰምታው የማታውቀው። ትናንት ከማጅራቷ ላይ፣ ከሽበቱ ሥር፣ አንድ ጣት የሚሞላ ጥቁር ፀጉር በቅሎ ታየ።

ሰኞ ሌላም ነገር ሆኖ ነበር። ከቤይሩት ከመጡት ከሦስቱ አንዷ፣ ሥሯ በስብሶ ሁለት ቅጠል ብቻ የቀራት አሮጌ ኦርኪድ፣ ድንገት የአበባ ዘንግ አወጣች። ሰባት እንቡጥ ይዛለች። ዘርትሁን ይህን ሕግ ታውቀዋለች፤ ማዳሟ ደጋግማ አስተምራታለች። የታመመ ኦርኪድ ሲያብብ ደስ አይበልሽ፣ ጓዳውን አራግፎ እየተሰናበተ ነው። ዘንጉን ቁረጪው፣ ተክሉ ይተርፋል።

አራት ቀን ስታመነታ ቆይታለች። አሁን መቀሱን አነሣች።

ስለቱ ዘንጉን ሲነካ የእናቷ እግር ተሸማቀቀ።

ዘርትሁን ቆመች። እናቷ ወደሷ አላየችም፤ ማበጠሪያዋ ውስጥ የቀረውን ፀጉር እየለቀመች ነበር። ዘርትሁን መቀሱን ከዘንጉ አራቀች፤ እግሩ ተፈታ። ቀስ ብላ መልሳ አስጠጋችው። የእግሩ ጣቶች ተኮማተሩ።

"ምን ልታደርጊ ነው?" አለች እናቷ፣ አሁንም ሳትዞር።

"ዘንጓን ልቆርጥ። ካልቆረጥኩት ትሞታለች።"

"ከቆረጥሽውስ?"

"ትተርፋለች። ሁለት ቅጠሏን ይዛ ትቀመጣለች።"

"እስከ መቼ?"

ማዳሟ ይህን አላስተማረቻትም።

እናቷ ማበጠሪያውን አስቀመጠች። ዛሬ ጉና መሄድ እንደምትፈልግ ነገረቻት። እዚያ ያለችው የዘርትሁን እህት እመቤት ገብስ አሳጭዳ ጨርሳለች፤ በሬዎቹ አውድማ ላይ ናቸው። መኪና ከሚቆምበት ከገሳይ በላይ በቅሎ ይላክላቸዋል፤ እሱንም በዘነበች ስልክ ትናንት ተነጋግራ ጨርሳለች። ዘርትሁን ብርዱን አነሣችባት፤ ሐኪሙ እዚያ ከፍታ ላይ አንድ ሌሊት አታድርም ብሏል። እናቷ እንደ ሰማችው ነገር ራሷን ነቀነቀች።

"አውድማ እኮ ነው የምትይው፣ እማዬ። አፈር ነው።"

"አውድማን ለእኔ ልታስተምሪኝ ነው?" ፈገግ አለች። "አውድማ በእበት ይለቀለቃል። አፈሩ ከዳር ነው ያለው። እስከ ዳር ድረስ እኔው ራሴ እሄዳለሁ።"

"ፈርተሽ አልነበረም እንዴ?"

"ፈርቼማ ነበር። አንቺም አፈር ካልነካቸው አይሞቱም አልሽኝ፤ እኔም ሰማሁሽ። ግን አምስት ወር እነዚህን ሳይ ነው የከረምኩት። ይሞታሉ፣ ልጄ። ስድስቱ ሲሞቱ አይቻለሁ። በፌስታል ጠቅልለሽ ወደ ቆሻሻ ነው የምትወስጃቸው። ለካ የጎደላቸው ዕድሜ አይደለም፤ ሲሞቱ የሚያርፉበት የላቸውም።"

ዘርትሁን ዙሪያዋን አየች። ያበቡት ሁሉ ፊታቸው ወደ አልጋው ነው፤ ግን ዛሬ አንገታቸው ትንሽ ዝቅ ያለ መሰላት። ምን ማድረግ እንደምትችል ታውቃለች። ከባድ ነገር አይደለም። ሳንቃዎቹን ብታነሣ እናቷ ከአልጋው አትወርድም። ለእመቤት ደውላ በቅሎው ይቅር ብትል ይቀራል። ሰባቱን እንቡጥ ብትቆርጥ እናቷም ምናልባት ይህ ድንገተኛ ጉልበቷ ይበርድና ትጋደማለች፤ ሳትሞት፣ ሳታረጅ፣ አፏን ከፍታ ውኃ እየጠበቀች ትኖራለች። እናት ይኖራታል። በየጠዋቱ የምትረጫት።

ሌላውንም አሰበችው። እሷም አብራ ጉና ከወጣች ነገ አትመለስም። ማታ ማታ የላስቲክ ቤቱን ማሞቂያ የሚጠብቅላት ሰው የለም፤ በኅዳር ውርጭ ሦስት ቀን ያለሷ ካደሩ ከአርባዎቹ አንዱም አይተርፍም።

"ዘርትዬ" አለች እናቷ።

"እመት።"

"ቆርጠሽ አታስቀሪኝ።"

ዘርትሁን መቀሱን መደርደሪያው ላይ አኖረችው። እጇ እርጥብ ስለነበር ስልኳ አልታዘዝ አላት፤ በቀሚሷ ጠርጋ ደግማ ሞከረች። ሙላቴ በሁለተኛው ጥሪ አነሣ። አበባዋን ወደ ባሕር ዳር የሚያደርስላት ሹፌር ነው፤ ወሬ ይወዳል።

"አበባ ደረሰ እንዴ፣ እህቴ?"

"አበባ አይደለም። እናቴን ወደ ገሳይ ልትወስድልኝ ነው። አሁን።"

ሙላቴ ጉሮሮውን ጠረገ።

"የመኪናዬ ወለል ጭቃ ነው። እሳቸው ደግሞ... ታውቂያለሽ፣ ሰው የሚለውን ሰምቻለሁ። ልጠበው?"

"ተወው። ችግር የለም።"

"እሺ። እንግዲህ ገሳይ ላድርሳችሁ። እዚያው ቆሜ ልጠብቅ ወይስ ሌላ ሰው ጭኜ ልመለስ? ማታ ትመለሱ እንደሆነ ብዬ ነው።"

እናቷ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ሻሿን እያሰረች ነበር። ትንፋሿ ከአምስት ወር በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰማ፤ ከሩቅ እንደሚሰማ የወፍጮ መጅ ይፋጫል። ዘርትሁን ጥቂት አዳመጠችው።

"አትጠብቀን" አለችው።