የሄኑት ስም

ድንጋይ ጠራቢው ፓሼዱ መዶሻና መሮውን ይዞ ቤተ መቅደሱ ግቢ ሲደርስ፣ የአዲሱ ሹም አሽከር ቀድሞት ሐውልቱ ሥር ተቀምጦ ተምር ይበላ ነበር። ሐውልቱ ባልና ሚስት ናቸው፤ ከአንድ ጥቁር ድንጋይ ወጥተው በአንድ ወንበር ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ባልየው የጎተራ ሹም የነበረው ነብሴኒ ነው። ሚስትየው ሄኑት ናት፣ የፓሼዱ ልጅ። በወሊድ ስትሞትበት በገዛ እጁ የጠረባት እሱ ነው።

ኋላ ነብሴኒ ከንጉሥ ተጣላና ወደቀ። ለወደቀ ዛፍ ደግሞ ምሳር ይበዛበታል፤ ሞቶም አልተዉት፣ መቃብሩን አፈረሱበት። እሷም እዚያው ተቀብራ ነበር። ምን አጠፋች? ማንም አልጠየቀም። ስሟ የቀረው እዚህ ድንጋይ ላይ፣ እግሯ ሥር ብቻ ነው። ስሙ የማይጠራ ሙት ውሃ አይደርሰውም፤ ዳግመኛ ይሞታል። ይህን በዋሴት ከተማ ሕፃን ልጅ ያውቀዋል።

«በል አባባ» አለ አሽከሩ ፍሬውን እየተፋ፣ «የሰውየውን ስም ፋቅና የጌታዬን የአመንሞሴን ጻፍበት። ሴትዮዋን ገንጥለህ ጣላት። ጌታዬ ከሰው ሚስት ጎን ሊቀመጥ ነው እንዴ?»

«እሷን አልገነጥልም።»

«ተወዋ፤ ሌላ ጠራቢ አመጣለሁ። እሱ እንዳንተ አይሽኮረመምም፣ ከአፍንጫዋ ነው የሚጀምረው።»

ፓሼዱ አፍንጫዋን አየ። የእናቷ አፍንጫ ነው።

«የጌታህ ሚስት ማን ትባላለች?»

«ታካት።»

«የሴትዮዋ ፊት እንዳለ ይቆይና ስሙን በሷ ላድርገው። ድንጋዩም አይበላሽ።»

አሽከሩ ሳቀ። «ይሁንልህ። እመቤቴ እንዲህ ቆንጆ ሆና አታውቅም፣ ደስ ይላታል።»

ፓሼዱ እያለቀሰ የልጁን ስም ፋቀ፤ በምትኩም ታካት ብሎ ጻፈ። እያለቀሰም ቢሆን ልቡ ግን አተረፍኳት ይላል። ምን ይደረግ፣ ጠራቢ ነው፤ ሰው ማለት ፊት ይመስለዋል።

ቤት ገብቶ ለሚስቱ ለዋቤት፣ «ፊቷን አልነኩትም፣ እንዳለች ናት» አላት።

«ስሟስ?»

መሮውን ከመዶሻው ጋር ጥግ አስቀመጠ።

«አንተ ሰው፣ ስሟስ?»

ለሙታን ውሃ የሚፈስበት በዓል እስኪደርስ አላናገረችውም።

በበዓሉ ቀን ካህኑ ሐውልቱ ላይ ውሃ እያፈሰሰ፣ «ታካት ሆይ፣ ጠጪ» አለ። ውሃው በሄኑት ጉንጭ ወረደ። ታካት ራሷ እፊት ቆማ ምስሏን እያየች ፈገግ ትላለች። በሕይወት ያለች፣ ደንዳና ሴት።

ዋቤት ወደ ባሏ ዞረች። «ቢሰብሯት ይሻል ነበር» አለች ቀስ ብላ። «በልጄ አፍ ባዕድ ከምትጠጣ።»

«አተረፍኳት ብዬ እኮ ነው» አለ ፓሼዱ፤ እንባው ጺሙ ላይ ወረደ።

«አውቃለሁ። እኔ እስካለሁ ሄኑት እያልኩ በአፌ እጠራታለሁ። ከኔ በኋላስ ማን አላት?»